ሴኪዩሪቲ ሞጁሉን ከማጥፋታችሁ በፊት

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ዛሬ ደብረ ብርሃን የተገኛችሁ የሲስተም አድሚኖች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሰርቨር ላይ አንድ አገልግሎት እምቢ ሲል፣ በሊኑክስ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ሆኖ ፕሮግራሞችን የሚቆጣጠረውን ሴኪዩሪቲ ሞጁል ለማጥፋት አትቸኩሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የማየው ይኼ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ገጹን አላሳይ ይላል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። «ኤስኢሊኑክስን አጥፋው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ኤስኢሊኑክስ ከእነዚህ ሞጁሎች አንዱ ነው። ያጠፋዋል፤ ገጹም ይመጣል። ከዚያ ወዲያ መልሶ የሚያበራው የለም። ያ ሰርቨር እኮ የሠራተኛ ደሞዝ የሚያሰላ፣ የታካሚ መዝገብ የሚይዝ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ፕሮግራም ፋይል ልክፈት ሲል ከርነሉ በቅድሚያ ሁላችን የምናውቀውን ፐርሚሽን ያያል። ባለቤቱ ማነው? ማንበብስ ተፈቅዶለታል? ይህ ካለፈ በኋላ፣ ሁክ በሚባሉት ቦታዎች ላይ ሞጁሎቹን በየተራ ይጠይቃል። አንዱ እንኳ «አይሆንም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በፐርሚሽን የተከለከለውን ግን ሞጁሉ አይፈቅድም። ሥራው ማጥበቅ ነው። ፋይሉን ቻሞድ 777 ብላችሁ ለሁሉም ፈቅዳችሁት ምንም ያልተለወጠው ለዚህ ነው። የከለከላችሁ ሌላ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራ። በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ኤስኢሊኑክስን ለከርነል ገንቢዎች አቀረበ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አንዱን ብቻ መርጦ ማስገባት አልፈለገም። የተለያዩ ሞጁሎች የሚሰኩበት የጋራ ማዕቀፍ እንዲሠራ ጠየቀ። ኤልኤስኤም የምንለው የሊኑክስ ሴኪዩሪቲ ሞጁሎች ማዕቀፍ ከዚያ መጣ፤ በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከ2.6 ከርነል ጋር ለሁሉም ደረሰ። ሌሎቹ ሞጁሎች፣ ስማክ በ2008፣ አፕአርመር በ2010፣ ያማ በ2012፣ ላንድሎክ በ2021 ተከተሉ።

መጀመሪያ ላይ ሞጁሎቹ ማሽኑ እየሠራ ሊጫኑና ሊነቀሉ ይችሉ ነበር። በ2008 መጀመሪያ የወጣው 2.6.24 ይህን አስቀረ። አሁን ሞጁሎቹ ከከርነሉ ጋር አብረው ተጠናቅረው ይመጣሉ። የትኛው እንደሚነሳ የሚወሰነውም ማሽኑ ቡት ሲያደርግ ነው። በጊዜው የተቃወሙ ነበሩ። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። የሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሁሉ ጠባቂውን መንቀል ከቻለ፣ ሩትን የሰረቀም ይነቅለዋል። የመንዝ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የጓሳ ሣር ምድር በአባቶች ሥርዓት ሲዘጋ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው ማጭዱን ይዞ የመጣው ሰው አልነበረም።

ወደ ማስተዳደሩ ልምጣ። ከሁሉ በፊት ማሽናችሁ ላይ ምን እንዳለ እወቁ። ሲስ፣ ከርነል፣ ሴኪዩሪቲ በሚሉት ማውጫዎች ሥር ኤልኤስኤም የሚባል ፋይል አለ። ክፈቱት። የነቁት ሞጁሎች በኮማ ተለያይተው፣ በሚጠሩበት ቅደም ተከተል ተጽፈዋል። ኬፓቢሊቲ የሚባለው ሞጁል ሁልጊዜ ይኖራል። ኡቡንቱ ከሆነ አፕአርመርን ታገኛላችሁ፤ ሬድሃትና ፌዶራ ላይ ኤስኢሊኑክስን።

ይህን ዝርዝር መቀየር የሚፈልግ፣ ማሽኑን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በግሩብ ውስጥ፣ ለከርነሉ በሚተላለፈው መስመር ላይ «ኤልኤስኤም እኩል ይሆናል» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ። የምትጽፉት በነባሩ ላይ አይጨመርም፤ ነባሩን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል። «አፕአርመር» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ያማንና ላንድሎክን ሳያስበው አጥፍቷል። ማሽኑ ያለችግር ይነሳል፣ ስህተትም አያሳይም፤ ለዚህ ነው ብዙዎች የማያውቁት። ስለዚህ ነባሩን ዝርዝር ቅዱ፣ የምትፈልጉትን ጨምሩ፣ ከቡት በኋላ ፋይሉን መልሳችሁ እዩ። ኤስኢሊኑክስ፣ አፕአርመርና ስማክ ደግሞ ዛሬም አብረው አይሠሩም። በዝርዝሩ ቀድሞ የተጻፈው ይነሳል፣ ሌላው ይታለፋል።

አሁን ወደዚያ እምቢ ወዳለው ዌብ ሰርቨር እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለሙያው ፋይሉን ሆም ውስጥ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ኤምቪ በምትባለው ትእዛዝ ወደ ዌብ ማውጫው ያዛውረዋል። ኤስኢሊኑክስ የሚያየው የፋይሉን ሌብል፣ ማለትም የተለጠፈበትን ምልክት ነው፤ ፋይሉ በኤምቪ ሲዛወር ደግሞ የድሮውን ሌብል ይዞ ይሄዳል። ከርነሉ «ይህ የተጠቃሚ የግል ፋይል ነው፣ ዌብ ሰርቨር አያነበውም» ይላል። ትክክል ነው! የታዘዘውን ነው የሠራው። መፍትሔው ሬስቶርኮን የምትባል ትእዛዝ ናት፤ ሌብሉን ለቦታው እንደሚገባ ታስተካክላለች። ሰከንድ አትፈጅም።

አፕአርመር የሚሄደው በፋይሉ መንገድ ነው። የማይኤስኪውኤልን ዳታ ወደ አዲስ ዲስክ ብታዛውሩ ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ለዚያ ፕሮግራም የተጻፈው የፈቃድ ዝርዝር፣ ያንን መንገድ ስለማያውቀው ይከለክላል። አዲሱን መንገድ ፕሮፋይሉ ላይ ጨምሩና መልሳችሁ ጫኑት።

በሁለቱም መንገድ የተከለከለው ነገር ሎግ ውስጥ ይጻፋል። የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛውን ፋይል፣ ምን ሊያደርግ እንደፈለገ። እባካችሁ እሱን አንብቡ። ጊዜ ከጠበበባችሁም ሙሉውን ሥርዓት አትልቀቁ። ኤስኢሊኑክስ ላይ ያንን አንድ አገልግሎት ብቻ ፐርሚሲቭ ማድረግ ይቻላል። አፕአርመርም አንድ ፕሮፋይል ብቻ ወደ ኮምፕሌይን ይወስዳል። ያኔ አይከለክልም፤ መመዝገቡን ግን አያቆምም። የቀረው ማሽን እንደተጠበቀ ይቆያል።

ይህ ነገር ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ነው የሚል ካለ ኪሱን ይይ። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 ወዲህ፣ ኤስኢሊኑክስን በኤንፎርሲንግ፣ ማለትም መዝግቦ ብቻ ሳይተው በሚከለክልበት ሁኔታ፣ ይዞ ነው የሚመጣው። ስልካችን ላይ በየቀኑ እየሠራ ሰርቨራችን ላይ የሚከብድበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠፍቶ የቆየ ኤስኢሊኑክስ ያላችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ ዘላችሁ ኤንፎርሲንግ አታድርጉት። በጠፋበት ጊዜ የተፈጠሩት ፋይሎች ሌብል የላቸውም፤ ማሽኑ ላይነሳላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ፐርሚሲቭ አድርጉና ቡት ሲያደርግ ዲስኩን በሙሉ ሌብል ያድርግ። ትልቅ ዲስክ ከሆነ ይቆያልና በሥራ ሰዓት አትጀምሩት። ከዚያ ሎጉን እያያችሁ ጠብቁ። የወር መጨረሻው የደሞዝ ሥራና ባክአፑ እስኪያልፉ ታገሱ፤ በወር አንዴ የሚነሱት ፕሮግራሞች የሚታዩት ያኔ ነው። ሎጉ ሲጠራ ወደ ኤንፎርሲንግ አሳልፉት።

ከሻይ በኋላ ላፕቶፖቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የራሳችሁን የሎግ መስመሮች ያመጣችሁ ከእናንተ እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።