መስመር 25

እሺ... ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ቃል የገባሁላችሁ የፋይበሩ ክፍል ለሚቀጥለው ይሁን። አንድ ሕንጻ ላይ የሠራሁት የካሜራ ሥራ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ሥራው ቀላል ነበር። ካሜራዎቹ ያሉበት ቪላን፣ ማለትም ለብቻው የተከለለው ኔትወርክ፣ ከመቅጃው ጋር ብቻ ይነጋገር፣ ኢንተርኔት አይውጣ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የሚባለው ቦትኔት፣ የተጠለፉ መሣሪያዎች ሠራዊት ማለት ነው፣ እኮ በብዛት የተሰበሰበው በፋብሪካ ፓስወርዳቸው ከሚሠሩ ካሜራዎችና መቅጃዎች ነው። ስለዚህ ኤሲኤሉን ጻፍኩ፣ የሚያልፈውንና የሚከለከለውን በመስመር ቁጥር የሚዘረዝረውን። መስመር 10 ላይ ዲኤችሲፒ፣ ለመሣሪያዎቹ አይፒ የሚያድለው፣ ይለፍ። 20 ላይ ወደ መቅጃው ይለፍ። 30 ላይ የቀረው ሁሉ ዲናይ፣ ይከልከል ማለት ነው፣ ከነሎጉ፣ የተከለከለው እየተመዘገበ። ባትጽፉትም መጨረሻ ላይ ዲናይ አለ፣ ግን ያኛው ኮንፊጉ ላይ አይታይም። እኔ ደግሞ የሚጣለውን ማየት እፈልጋለሁ።

ቪላን ኢንተርፌሱ ላይ ኢን ብዬ፣ ከካሜራዎቹ በኩል የሚመጣውን እንዲያጣራ፣ አሰርኩት። ወዲያው ሎጉ መውረድ ጀመረ። አብዛኛው የካሜራ ነው። አንዱ አይፒ ግን ካሜራ አይመስልም። ፖርት 443፣ ድረ ገጾችና አፖች የሚጠቀሙበት፣ አሁንም 443፣ እረፍት የለውም።

ከዚያ የጥበቃው ጋሼ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። «ኢንጅነር፣ ኔትወርክ ጠፋ እንዴ? ከቤሩቷ ልጄ ጋር እያወራሁ ነበር።»

ስልኩን ወደኔ አዞሩት። የልጅቷ ፊት እንደ ደረቀ ቀርቷል፣ አፏ ለመናገር እንደተከፈተ። ለካ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ከካሜራ ኬብል ላይ ትንሽ የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት ተሰክቶላቸው ኖሯል። «ተዘግቷል ጋሼ» አልኳቸው። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ።

እግዜር ይስጥልኝ። ለምኑ ነው የሰጠኝ?

ቁጥሮቹ በአስር የሚዘሉት መሀል ላይ ለመጨመር ነው አይደል፣ 25 ክፍት ናት። ግን ምን ብዬ ልጻፍባት? ኤሲኤል የሚያውቀው አይፒና ፖርት ነው፣ ኢሞ ምን እንደሆነ አያውቅም። 443ን ልክፈት? ለካሜራዎቹም ከፈትኩ። ለአንድ አይፒ ብቻ? ይቻላል፣ አድራሻው እንዳይቀየር ሪዘርቭ ማድረግ ነው። ግን የሰው ስልክ ካሜራ ኔትወርክ ውስጥ ምን ይሠራል? መዝጋቱ ልክ ነው። አሁንም ልክ ነው እላለሁ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ሕንጻው የእንግዳ ቪላን አለው። ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ የመጣ ሰው ፓስወርድ ይሰጠዋል። በሩን የሚከፍቱለት ጋሼ ግን ፓስወርዱ የላቸውም። ይሄ የማንም ኮንፊግ ላይ አልተጻፈም።

ለኃላፊው ልደውል እያልኩ ነው። ኬብሉ እዛው ነው፣ የተሰካበትን የስዊች ፖርት ወደ እንግዳው ቪላን ማዞር ብቻ ነው። ሁለት ትዕዛዝ። ግን «ሥራቸውን ትተው ስልክ ላይ ይጣዳሉ» ቢለኝስ? ሌሊቱን ነቅተው የሚያድሩት ከልጃቸው ጋር እያወሩ አይደል እንዴ... አይ፣ እንደዛማ አልለውም። ወይ ጋሼን ሳላስነካ... እንጃ።