ነጩ፣ ቢጫው ወይስ ቀዩ? ሚሶ ስንገዛ

ማርታ፦ ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የጃፓኖቹን የሚሶ ሾርባ ቤታችን እንሠራለን። ግን ድስቱ ከመጣዱ በፊት የቱን ሚሶ፣ ማለትም የቱን የተብላላ የአኩሪ አተር ልውስ እንግዛ?

ዳዊት፦ መደርደሪያው ፊት ስትቆሚ እኮ ግራ ያጋባል። ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ቀይ አለ፣ እንደ ቸኮሌት የጠቆረም አለ።

ማርታ፦ እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ቀዩን ነው። የያዝኩት የአሠራር ጽሑፍ ግን ለኪዮቶ ከተማው ነጭ፣ ሳይክዮ ሚሶ ለሚሉት የተጻፈ ነበር። ለሁለት ሳህን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይላል። ሦስቱንም ጨመርኩ። አንዴ ፉት ብዬ ተውኩት። ጨው በጨው!

ዳዊት፦ ይሆናላ! የኪዮቶው ነጭ ጨዉ 5 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ሰንዳይ ከተማው ያለ ቀይ ደግሞ 12 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሚሶ 18 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሦስቱ 54 ግራም። ከነጩ ቢሆን ሦስት ግራም የማይሞላ ጨው ነበር የሚገባው። ከቀዩ ግን ከስድስት ግራም በላይ ገባ።

ማርታ፦ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እኔ ልዩነቱ የቀለም ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዳዊት፦ ቀለሙም ብዙ ይናገራል። ሚሶ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። የኪዮቶው ነጭ በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል። ኦካዛኪ ከተማ የሚሠራው ሃቾ ሚሶ ግን ትልልቅ የእንጨት በርሜል ውስጥ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ተከምሮበት ከሁለት ዓመት በላይ ይቀመጣል።

ማርታ፦ እስቲ ለማያውቁት ከሥሩ እንጀምር። ምንድን ነው የሚብላላው?

ዳዊት፦ አኩሪ አተር ተቀቅሎ ይደቆሳል። ከዚያ ከጨውና ከኮጂ ጋር ይለወሳል። ኮጂ ሩዝ ወይም ገብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ሻጋታ ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ሥራው ግን ጠላ ውስጥ ካለው ብቅል ጋር ይቀራረባል። ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል አይደል? ኮጂም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ የአኩሪ አተሩን ፕሮቲን ይሰባብራል። አፍ ውስጥ የሚቆየው ጥፍጥና ከዚያ ነው የሚመጣው።

ማርታ፦ ነጩ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነዋ?

ዳዊት፦ አዎ፤ የሩዝ ኮጂው ይበዛል፣ ጨዉ ያንሳል።

ማርታ፦ እሺ፣ ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ብልህ?

ዳዊት፦ ቢጫውን፣ ናጋኖ በሚባለው የጃፓን ግዛት የሚሠራውን የሺንሹ ዓይነት። ከቶፉም፣ ማለትም ከአኩሪ አተር አይብ፣ ከድንችም፣ ከጎመንም ጋር ይስማማል። ጨዉ ግን እንደ ቀዩ ነው፤ ለ400 ሚሊ ሊትር መረቅ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

ማርታ፦ እዚህ ላይ አንስማማም። እኔ ኪዩሹ ደሴት ላይ የሚወደደውን የገብሱን ነው የምለው። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው የእናቴ በሶ ነው ትዝ የሚለኝ።

ዳዊት፦ ካገኙት እሱም ግሩም ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ። አኩሪ አተር፣ ሩዝ ወይም ገብስ፣ ጨው፤ ከዚህ ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው።

ማርታ፦ በተለይ ለጾም የምትገዙ! «ዳሺ ያለበት»፣ ማለትም የጃፓኖቹ መረቅ የተቀላቀለበት የሚባለው ሚሶ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ዱቄት ገብቶበታል። ፊት ለፊቱ ላይ አኩሪ አተር ብቻ ስላያችሁ አትመኑት።

ዳዊት፦ አልኮል የሚልም ታያላችሁ። መብላላቱን ገትቶ ማሸጊያው እንዳይነፋ የሚጨመር ነው። አልኮል የማይነካ ሰው ግን የሌለበትን ይፈልግ።

ማርታ፦ መረቁስ ለጾም?

ዳዊት፦ ኮምቡ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር አረም። ለአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ያህል ነክሮ ማሳደር ነው። ጠዋት ቀስ አድርጎ ማሞቅ፤ ሊፈላ ሲል ኮምቡውን ማውጣት።

ማርታ፦ ቶፉውና አትክልቱ ከበሰለ በኋላ እሳቱን አጥፉ። ሚሶው የሚገባው ያኔ ነው። እኔ ጭልፋ ውስጥ አድርጌ በትንሽ መረቅ እበጠብጠዋለሁ፤ እብጥ እብጥ ያለ ነገር እስኪጠፋ። ከዚያ ወደ ድስቱ። እባካችሁ መልሳችሁ አታፍሉት፤ ያ ደስ የሚል ጠረኑ ይሄዳል።

ዳዊት፦ የተረፈው ፍሪጅ ይግባ። ፍሪዘር ውስጥም ቢቀመጥ ከጨዉ የተነሳ እንደ ድንጋይ አይጠጥርም፤ በማንኪያ ይወጣል። ለመሆኑ ያ ቀይ ሚሶሽ የት ደረሰ?

ማርታ፦ አልጣልኩትም። ነጭ ገዛሁና ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኳቸው። ጃፓኖቹም አዋሴ ብለው ይቀላቅላሉ። አሁን ቤቴ የሚሠራው ሾርባ በሱ ነው።