የእንጀራው ሂሳብ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ብድርና ወለድ የጀመርነውን ክፍል ሁለት እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ አልቀጥልም። ማስታወሻው ፊቴ ተዘርግቷል፤ ልቤ ግን እዚያ የለም። ባለፈው ሐሙስ እኔ ወደማስተምርበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ የተናገረችው ነገር እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ሙሉውን ለማንም አልነገርኩም፤ ለባለቤቴም የነገርኳት ግማሹን ብቻ ነው። ለእናንተ ስነግራችሁ ምናልባት መልክ ይይዝልኝ ይሆናል። ባይዝም ይሁን። አውራ ዶሮውን እየሰማችሁት ነው፤ አዎ፣ ፋሲካም አልፎት አሁንም ከእኛ ጋር ነው።

ያን ቀን ምን ያህል እንደምወደው ታውቃላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ የቢዝነስ ትምህርት ምን እንደሆነ እናሳያቸዋለን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ዘንድሮ የመጡት ከከተማው ትምህርት ቤቶች ብቻ ናቸው። ከወረዳ ይመጡ የነበሩት መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ ቀሩ፤ ይህም ለብቻው ያሳዝነኛል፤ ሌላ ቀን እናወራዋለን።

የምወደው ለምን መሰላችሁ? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። አብዛኛው ልጅ ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በር ላይ ተፈትሾ፣ ስልኩን ቤት ትቶ፣ እናቱ የቋጠረችለትን ይዞ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ለእነዚህ ልጆች ግቢው የፍርሃት ቦታ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳን ያለ ፈተና ገብተው፣ ወንበር ላይ ዘና ብለው ተቀምጠው፣ የፈለጉትን ቢጠይቁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ካየሁ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ይለኛል። በዚህኛው ሳምንት ግን እንዲያ አልሆነልኝም።

ሁልጊዜ የምጀምረው ከከተማዋ ነው። ፋሲል ግቢን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጎንደር የነጋዴ ከተማ እንደነበረች ግን የሚነግራቸው የለም። አዲስ ዓለም የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር እንደነበር፣ ሲራራ ነጋዴው በአንድ በኩል በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ በሌላ በኩል ምጽዋ ድረስ ይወርድ እንደነበር፣ የነጋዴው አለቃ ነጋድራስ ይባል እንደነበር ስነግራቸው ዓይናቸው ይበራል። አሞሌ ጨው ገንዘብ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ይስቃሉ። ጨው ከሚቆረጥበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር አሞሌው የሚገዛው ነገር ይጨምር ነበር፤ መንገዱ፣ በቅሎው፣ ሽፍታው ሁሉ ዋጋው ውስጥ ይገባል። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ዝናብ ሲመታውስ?» አለኝ። ገንዘብ ዋጋውን ስለማጣቱ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል? በዚሁ ጥያቄ አንድ ሙሉ ወር ማስተማር ይቻላል።

ከዚያ የአክሲዮን ነገር ተነሣ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ከተከፈተ ጀምሮ ወንዶቹ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ መግዛት የሚቻለው ትንሹ 33 አክሲዮን እንደነበር ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሳያቅማማ «9,900 ብር» ብሎ ጮኸ። «ዕቁብ ገብተን በጋራ ብንገዛስ?» አለ ጓደኛው። ክፍሉ ሞቀ። እኔም ሞቅ አለኝ። የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ብር ለመቁጠር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ያ ሐሳብ ፊታቸው ላይ ሲለወጥ ማየት…

ወደ ነገሩ ልግባ።

ሰሌዳው ላይ «ትርፍ ማለት ገቢ ሲቀነስ ወጪ» ብዬ ጻፍኩና ቤቱ ውስጥ ንግድ ያለው ማን ነው አልኩ። ባጃጅ አለ፣ የሰፈር ሱቅ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አክስት አለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ እጇን ከትከሻዋ በታች አነሣች። «እናቴ እንጀራ ትሸጣለች» አለች። በቀን ስንት? ስልሳ። ወጪውን ቁጠሪልን አልኳት። ወረቀት አልያዘችም። ጤፉን፣ ማስፈጫውን፣ መብራቱን፣ መብራት ሲጠፋ ማገዶውን፣ ቧንቧ ሳይመጣ ሲቀር በጀሪካን የሚገዛውን ውሃ፣ ለማሰሻ የጎመን ዘሩን፣ እንጀራው የሚገባበትን ላስቲክ ሳይቀር ዘረዘረችው። እኔ እየጻፍኩ ነው። የተቀደደው እንጀራ ለቤት ስለሚቀር ከስልሳው ውስጥ እንደማይቆጠር ሳይቀር ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወጪን እንዲህ ጥርት አድርጎ የዘረዘረልኝ ጥቂት ነው። ከአንዱ እንጀራ 3 ብር ይተርፋል፤ በቀን 180 ብር። ልጆቹ አጨበጨቡላት።

እኔም ጠየቅኳት። አስቤበት ነው የጠየቅኳት፤ ነገም ቢሆን እጠይቃለሁ፤ የዚህ ትምህርት መግቢያ በሩ ይህ ጥያቄ ነውና። «ማን ነው የሚጋግረው?»

«እናቴ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሣለች።»

«አንቺስ?»

«ማታ ሊጡን አቦካለሁ። ውሃ አመጣለሁ። ጠዋት ለምግብ ቤቶቹ አድርሼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

«ለአንቺ የሚከፈለውስ የት ተጻፈ?»

ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ልጇ ነኝ እኮ» አለችኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም፤ አላፈረችምም። ግልጽ የሆነ ነገር ያልገባውን ሰው በትዕግሥት የምታስረዳ ትመስል ነበር። የሳቁን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ልጆች ናቸው። ወዲያው ያ የ9,900 ብሩ ልጅ ከኋላ ተነሣና «የቀን ሠራተኛ እንኳን 400 ብር ይከፈለዋል! እናትየው ብቻ ብትቆጠር ኪሳራ ነው!» አለ። ሳቁ ቆመ። ልጅቷ ሰሌዳውን አየችው። እኔም ዞሬ አየሁት፤ 180 የሚለው በእጄ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወደ እኔ ተመለሰችና «ታዲያ ትተወው?» አለች።

«ታዲያ ትተወው?» ክርክር አልነበረም። ቁጣም አልነበረበትም። ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጥታ፣ የሚያውቅ ሰው ፊት ቆማ፣ መልሱን ይዛ ቤቷ ልትገባ ነው የጠየቀችው። ማታ እናቷን «ተዪው» ወይም «አትተዪው» ልትላት ይመስለኛል። ወይም እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው። አነጋገሯን በደጋገምኩት ቁጥር ሌላ ነገር እሰማበታለሁ።

«ቆይ፣ አትቸኩሉ» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልበለው። በእኔ ሙያ፣ በሂሳብ አያያዝ፣ የግል ነጋዴ ለራሱ ደመወዝ ቆርጦ በወጪ አይመዘግብም። ባለቤቱ የሚወስደው ገንዘብ ከትርፉ ላይ ነው የሚነሣው። ስለዚህ በእናትየው መዝገብ 180 ብሩ ትርፍ ነው፤ ማንም አይሰርዘውም። የኢኮኖሚክስ ሰው ግን እዚያ አይቆምም። ያንን ጊዜና ጉልበት ሌላ ቦታ ብታውለው ምን ታገኝ ነበር ብሎ ይጠይቃል፤ ያጣችውንም በወጪ ይጽፈዋል። ሁለቱም ሂሳብ ልክ ነው። የሚመልሱት ጥያቄ ነው የተለያየው። የልጁ 400 ብር ደግሞ ለእናትየው ሂሳብ አይሆንም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማን ቀጥሮ 400 ብር ይከፍላታል? ሌላ አማራጭ ከሌላት ያጣችው ትንሽ ነው፤ ኪሳራውም ኪሳራ አይደለም። ልጆቹ ይህን ወደዱት። ልጁም ራሱን ነቀነቀ። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር የሚያስጎበኛቸው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። እርሷም ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። እያወራች ነበር፤ ደህና ትመስል ነበር።

እንግዲህ ምን አስቸገረህ ትሉኛላችሁ። ያ በቡና ሰዓት የሚከራከረኝ የኢኮኖሚክሱ ባልደረባዬ፣ የምታውቁት፣ እርሱም እንዲሁ ነው ያለኝ። «ልጅቷ በአንድ ጠዋት የትምህርቱን ዋና ሐሳብ ይዛ ሄደች፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። የአንድ አገር ጠቅላላ ምርት ሲሰላ እንኳን ለቤት የሚጋገረውን፣ የሚታጠበውን የሴቶች ሥራ ማንም አይቆጥረውም፤ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ይህን በልጅነቷ ማወቋ መልካም ነው ይላል። እስማማለሁ። በትምህርቱ ከልቤ አምናለሁ፤ ባላምን ሃያ ዓመት አልቆይበትም ነበር። አሁን አንደኛ ዓመት የሚገባ ተማሪ ሁሉ፣ የተፈጥሮ ሳይንሱም ጭምር፣ የሥራ ፈጠራ ኮርስ ይወስዳል፤ እርሱም ደስ ይለኛል።

ግን ቤቴ ገብቼ ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ። የእናትየውን ሰዓት ሁላችንም ቆጠርን። የልጅቷንስ? እናትየው ሌሊት ሌላ ሥራ የላትም፤ ልጅቷ ግን አላት። ሊጥ የምታቦካበት ማታ የጥናት ሰዓቷ ነው፤ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት የምትዞርበት ጠዋት የእንቅልፏ ሰዓት ነው። 12ኛ ክፍል ናት። በዚያ ቤት ውስጥ ውዱ ሰዓት የእርሷ ነው። እርሷ ደግሞ «ትተወው?» ብላ የጠየቀችው ስለ እናቷ ነው። ስለ ራሷ አልጠየቀችም።

ለባለቤቴ ያልነገርኳት ግማሽ ይህ ነው። ለምን አልነገርኳትም? የእኛም ልጅ 12ኛ ክፍል ስለሆነች ይሆናል። እንድታጠና ብለን ሲኒ እንኳን እንድታጥብ አናደርግም። ሁለቱ ልጆች አንድ አዳራሽ ገብተው አንድ ዓይነት ወረቀት ይፈተናሉ። ይህን ሳስበው… ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

እሺ። በሌላ በኩል ደግሞ ያንን 180 ብር የሚበላው ማን ነው? ደብተሩን፣ ዩኒፎርሙን የሚገዛው ምንድን ነው? እርሷ ብታቆም እናትየው ስልሳውን አርባ ታደርገዋለች፤ ወይም ታማለች። ልጅቷ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። «እኔ ልጇ ነኝ እኮ» ያለችው ሂሳቡን ስላላወቀች አይመስለኝም። ምናልባት ቆጥራ ጨርሳው ነው። ምናልባት… አላውቅም፣ ይህንንም እኔ ልጨምርላት አልፈልግም።

የሚቀጥለው ቡድን በቅርቡ ይመጣል። ባልደረባዬ «በሰሊጥ አስተምር» ይለኛል። ከመተማና ከሑመራ የሚወጣው፣ የምርት ገበያ ያለው፣ መጋዘን ገብቶ ተመዝኖ ደረጃ ወጥቶለት ደረሰኝ የሚቆረጥለት ሰሊጥ፤ ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ ነው፣ የማንንም ቤት አያንኳኳም ይላል። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እውነቱን ነው። ግን የትንሹን ገበሬ ማሳ ስትወስዱ ሰሊጡን የሚያርመው ማን ነው? የሚያጭደውስ? ያው ልጆቹ ናቸው። ተመልሰን እዚያው ነን።

ትምህርት ቤቷን አውቀዋለሁ። መምህሯ ጋ ደውዬ ልጅቷን ላገኛት እችላለሁ፤ አስቤበታለሁም። አግኝቼስ ምን እላታለሁ? ሰዓትሽ ውድ ነው ልበላት? እናትሽን ጥሪልኝ ልበል? ከእኔ ምን ይዤላት ነው የምሄደው? ባለቤቴ ብትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ እኔም እስካሁን…

ብድሩና ወለዱ ለሚቀጥለው ይቆየን። ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ የጻፋችሁልኝንም ያኔ አነብበዋለሁ፤ ብዙ ናችሁ። እስኪ ምናልባት ከዚያ በፊት እደውላለሁ።