የጎማ ፍጡር፣ አፈ ሰፊ ዓሣ እና የተረሳ መርፌ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬም ከሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት ጫጫታ የአሞራ ገደል ነው። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ዓሣው እየተበለተ ነው፣ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ቆመው አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ።

የማወራችሁ ግን እዚህ ስለሌለ ዓሣ ነው። አፈ ሰፊው ባስ ይባላል። ስሙን ለእናቴ ስነግራት «የባሰ አታምጣ!» ብላ አማተበች።

እሱን የምናታልልባትን፣ መንጠቆ ላይ የምትሰካ ይህችን ጎማ ተመልከቱ። ጣት ታክላለች፤ ክንድ አላት፣ እግር አላት፣ የተሰነጠቀ ጅራት አላት። እንሽላሊት ናት? አይደለችም። ሸርጣን ናት? አይደለችም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ስም ቢያጡላት «ፍጡር» አሏት። ኒክ ክሪም የተባለ ሰው በ1949 በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ የፕላስቲክ ትል ሠርቶ ነበር። ይህች የዚያ ትል የልጅ ልጅ ናት።

አሁን ጋቢዬን ላምጣ። አዎ፣ ጋቢ! አክስቴ ጋቢ ስትጠግን መርፌውን እዚያው ሰክታ የመርሳት ልማድ ነበራት። በእጃችሁ ብትዳብሱት ምንም የለም፣ ጥጥ ብቻ። ብታጥፉት ምንም የለም። ብትጎትቱት የትም አይዝም። እንዲህ፣ አያችሁ? ደገፍ ያላችሁበት ጊዜ ግን... ኧረ! እውነትም ወጋኝ። ደም ነው ይሄ። ቪዲዮው ላይ ይቆይ፣ አልቆርጠውም።

የጎማዋ ምስጢር በሙሉ ይኸው ነው። የመንጠቆው ጫፍ ሆዷ ውስጥ ተቀብሯል። በሣር መካከል ስትጎተት አይዝም፣ በግንድ ላይ ስታልፍ አይዝም። ዓሣው ሲነክሳት ጎማው ይጨፈለቃል፣ መርፌው ይወጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት የጥይት ቅርጽ ያለው የእርሳስ ማስመጫ፣ ቀጥሎ አንገቱ የታጠፈ መንጠቆ። ጫፉን በአፍንጫዋ አስገብታችሁ በአገጯ ታወጣላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ ሆዷ ውስጥ ትመልሳላችሁ። መንጠቆውን ከክሩ ጋር የምታስሩበትን ቋጠሮ ታውቁታላችሁ። ከወደቀ ግንድ ሥር ጣሉ፣ እስክትሰምጥ ጠብቁ፣ ነቅነቅ አድርጉ። ክሩ በራሱ ወደ ጎን ከሄደ ዓሣው ነክሷልና ሳቡ።

ባስ ለምን ይታለላል? እጅ ስለሌለው ነዋ! አፉን ድንገት ሲከፍት ውኃው ምግቡን ይዞ ይገባል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው አፉ ውስጥ ካስገባ በኋላ ነው። ጠንካራ ከሆነ ወዲያው ይተፋዋል። ለስላሳ ከሆነ ትንሽ ያቆየዋል። ለእኔ ከመልኳ ይልቅ ልስላሴዋ ይበልጣል፤ ስለ ቀለሟ ሲከራከር የሚያድር ሰው ይደንቀኛል።

«ባስ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አለ» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ግን ብዙ ናችሁ። የለም። አንዱ ወዳጄ ፎቶ ሁሉ ልኮልኛል። ፎቶውን አየሁት፤ ዓሣው ጢም አለው! ቆጠርኩት፣ ስምንት ነው። ቅርፊት ደግሞ የለውም። ወንድሜ፣ ይህ አምባዛ ነው። ባስ ባለ ቅርፊት ነው፣ ጢም የሚባል ነገር አያውቅም። «እሺ፣ ቆሮሶስ?» ትሉኛላችሁ። የሐዋሳ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚበላው ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን አልጌ ነው። እሱ ፊት ጎማ መወርወር ለጾመኛ ክትፎ ማቅረብ ነው። (ዓሣ ራሱ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አትጀምሩብኝ።)

ባስን ለማግኘት ስምጥ ሸለቆውን ይዛችሁ ወደ ኬንያ መውረድ ነው። ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ በ1929 ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ ተለቋል። በ1970 ደግሞ ክሬይፊሽ ተጨመረ፤ ባለ መቆንጠጫ የሸርጣን ዘመድ ነው፣ ባሱም ይበላዋል። ይህችን ፍጡር ከአንድ ነገር ጋር አመሳስል ካላችሁኝ ከእሱ ጋር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው፤ ባለፈው ሳልናገር ቀርቼ ተሰድቤአለሁ።

የተቀደደች ጎማ ውኃ ውስጥ አትጣሉ፣ አትበሰብስም። እኔ የማጠራቅመው በዚህ የቡና ቆርቆሮ ነው... ቆርቆሮው የት ሄደ? አንተ አባ ኮዳ! ወዳጆቼ፣ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ፣ እኔ ይህን ወፍ ላባርር።