የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ለአውስትራሊያ የኤሌክትሪሺያን ምዘና መዘጋጀት

ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ የሙያ ምዘና የሚጠብቃቸው ኤሌክትሪሺያኖች በስልክና በጽሑፍ ላደረሱን ጥያቄ የኤሌክትሪክ ሥራ አሠልጣኝ የሆኑት እንግዳችን የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ከሐዋሳ፦ ደረጃ 3 ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) አለኝ። ምዘናውን ካለፍኩ አውስትራሊያ እንደገባሁ በራሴ መሥራት እችላለሁ?

አትችልም። መዛኙ መሥሪያ ቤት፣ ትሬድስ ሪኮግኒሽን አውስትራሊያ፣ ከውጭ ሆነህ ስታልፍ የሚሰጥህ የክህሎት ማስረጃ እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። እዚያ ስትደርስ በምትኖርበት ግዛት ጊዜያዊ ፈቃድ ታወጣለህ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ትሠራለህ፣ የአገሩን ደንብ የሚያስተምር ማሟያ ሥልጠና ትጨርሳለህ። ሙሉ ፈቃድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃድ ሰጪው እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ሜልበርን ከሆንክ ኢነርጂ ሴፍ ቪክቶሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ የአገር ልጅ «ይቺን ሶኬት ብቻ ቀይርልኝ» ቢልህም እንዳትነካ፤ ያለ ፈቃድ መሥራት እዚያ ወንጀል ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ቃሊቲ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ምን ምን ይያዝ?

የድርጅቱ ስምና አድራሻ ያለበት ወረቀት ላይ ይጻፍ። የጀመርክበትና የጨረስክበት ቀን፣ የሥራ መደብህ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራህ፣ የፈራሚው ስልክ ይኑሩበት። ዋናው ግን ሥራው ተዘርዝሮ መጻፉ ነው። «የኤሌክትሪክ ሥራ ሠርቷል» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ቦርድ ገጥሟል፣ የሞተር መቆጣጠሪያ አገናኝቷል፣ ብልሽት ፈልጎ አስተካክሏል፣ ፈትሾ አስረክቧል ተብሎ ይጻፍ። ደሞዝ እንደተከፈለህም ማሳየት አለብህ፤ የባንክ ዝርዝር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጡረታ መዋጮ መዝገብ። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ስለሚያዋጡ ያ መዝገብ ጠንካራ ምስክርህ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላ ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2012 ማለት በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው። ተርጓሚው 2012 ብሎ እንዳለ ካሳለፈው ሰባት ዓመት ከምናምን ልዩነት ይመጣል፤ ከፓስፖርትህና ከባንክ ወረቀትህም ጋር ይጋጫል። ስምህም በፓስፖርቱ፣ በሲኦሲውና በደብዳቤው ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። አንዱ ላይ እስከ አያት፣ ሌላው ላይ እስከ አባት ብቻ ከሆነ አስቀድመህ አስተካክል።

በጽሑፍ፦ ልምዴ ሦስት ዓመት አይሞላም። ደላላ የአምስት ዓመት ደብዳቤ ላሠራልህ ብሎኛል።

አታድርገው። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘብህ ቪዛው ይከለከላል፤ ለሦስት ዓመትም ሌላ እንዳታገኝ ልትታገድ ትችላለህ። ደግሞም በምዘናው የሚጠይቅህ መዛኝ ራሱ ባለሙያ ነው። ያልሠራኸውን ቦርድ እንዴት እንደገጠምክ ደረጃ በደረጃ ሲጠይቅህ ደብዳቤው አይመልስልህም። የጎደለህን ጊዜ ሠርተህ ሙላ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሥራዬን ሁሉ የምሠራው በቴስተር ካቻቢቴ ነው። ለምዘናው ይበቃኛል?

አይበቃህም፤ ለራስህ ቤትም አይበቃህም። ቴስተሯ የምትበራው ትንሽ ከረንት በአንተ ገላ አልፎ ወደ መሬት ሲሄድ ነው። ወፍራም ጫማ አድርገህ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆምክ ትደበዝዛለች፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ ብትበራም አትታይህም። አንተ «አልበራችም፣ መብራት የለም» ብለህ እጅህን ትሰዳለህ።

መዛኙ ማየት የሚፈልገው ይህን ነው። ብሬከሩን አጥፋ፣ ቆልፈው፣ ስምህ ያለበትን ምልክት አንጠልጥልበት። መልቲሜትርህን መጀመሪያ መብራት እንዳለው እርግጠኛ በሆንክበት ቦታ ሞክረው። ከዚያ የምትሠራበትን ፈትሽ፤ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራል (የሚመልሰው)፣ ፌዝ ከግራውንድ (ወደ መሬት የሚሄደው የጥበቃ ሽቦ)፣ ኒውትራል ከግራውንድ። ስትጨርስ ሜትሩን እዚያው መብራት ያለበት ቦታ መልሰህ ሞክረው። ይህን የመጨረሻውን ሁሉም ይዘለዋል። በመሀል የሜትሩ ገመድ ውስጥ ውስጡን ተበጥሶ ከሆነ ዜሮ የሚያሳይህ መብራት ስለሌለ ሳይሆን ሜትሩ ስለሞተ ነው። ሞክር፣ ፈትሽ፣ እንደገና ሞክር።

ከባሕር ዳር፦ በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራ ማብሪያ) የሚነሳ ሞተር ሳገናኝ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኜ እስከያዝኩት ይዞራል፣ ስለቀው ይቆማል።

የኮንታክተሩን 13 እና 14 ቁጥር ማገናኛዎች ከማስነሻው ቁልፍ ጋር በትይዩ አላገናኘህም። ማቆሚያው ቁልፍና የኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲጫን የሚቆርጠው መሣሪያ) 95 እና 96 ደግሞ በተከታታይ መግባታቸውን እይ።

ከአዳማ፦ አውስትራሊያ ኒውትራልና ግራውንድ ይገናኛሉ ሲባል ሰማሁ። እኛም ግራውንድ በሌለበት ቤት ሶኬቱ ውስጥ ሁለቱን በአጭር ሽቦ እናያይዛቸዋለን። ያው አይደለም?

ልጄ፣ ያው አይደለም። በደንብ ስማኝ፤ ይህን የምታደርገው አንተ ብቻ ስላልሆንክ ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

የአውስትራሊያው አሠራር ኤምኢኤን ይባላል። በአንድ ቤት ውስጥ ኒውትራሉና ግራውንዱ የሚገናኙት ዋናው ቦርድ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ሶኬቱ ድረስ ሁለቱ በየራሳቸው ሽቦ ይሄዳሉ፤ አይነካኩም። አንተ ጋ ግን ሶኬቱ ድረስ የመጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። እዚያ ሶኬት ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰክቷል እንበል፤ ያንተ አጭር ሽቦ የምጣዱን ብረት ከኒውትራሉ ጋር አሰረችው ማለት ነው።

አሁን ኒውትራሉ ይበጠስ። ማገናኛ ሳጥኑ ውስጥ በናስትሮ ብቻ የተጠመጠመችው ሽቦ እየሞቀች ቆይታ አንድ ቀን ተለያየች እንበል። ምጣዱ ይጠፋል። እናት «መብራት ሄደ» ብላ ምጣዱን ትነካዋለች። ፌዙ ግን አልተቆረጠም። በምጣዱ ሬዚስታንስ አልፎ ኒውትራሉ ላይ ደርሷል፤ መሄጃ ግን የለውም፤ ኒውትራሉን ደግሞ አንተ ከብረቱ ጋር አስረኸዋል። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 14 ኦም ገደማ ነው። የሰው ገላ በሺህ ኦም ስለሚቆጠር ያ 14 ኦም ምንም አይቀንስላትም፤ 220 ቮልቱ ሙሉውን ይይዛታል። ብሬከሩስ? ሰው የሚገድለው ከ1 አምፒር በብዙ ያነሰ ከረንት ነው፤ ባለ 20 አምፒር ብሬከር አያውቀውም።

ሌላም መዘዝ አለው። አንድ ሰው ቆጣሪው ጋ ፌዝና ኒውትራል ቢያቀያይር ምንም ሳይበጠስ ብረቱ በቀጥታ ፌዝ ይሆናል። አርሲዲ (ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ባለበት ቤት ደግሞ ያቺ አጭር ሽቦ አርሲዲውን እየደጋገመች ልትጥለው ትችላለች፤ ያኔ «አስቸገረ» ተብሎ የሚነቀለው አርሲዲው ነው፣ ሽቦዋ ትቀራለች።

ትክክለኛው መንገድ ከሶኬቱ እስከ ቦርዱ የግራውንድ ሽቦ መሳብ ነው። ኮንዲቱ (የሽቦው ቱቦ) ጠቦ አላስገባም ካለ በግድግዳው ላይ በትራንኪንግ (በሽቦ መሸፈኛ) አውርደው። የግራውንድ ዘንግ ትከል፣ ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ ግጠም። ዘንጉ ብቻውን ብዙ ጊዜ ብሬከር ስለማይጥል አርሲዲው የግድ ነው። እንዲህ ያሰርክባቸውን ቤቶች ታውቃቸዋለህ፤ በዚህ ሳምንት ሂድና አስተካክላቸው። ስትሄድም ብሬከሩን አጥፍተህ፣ ሜትሩን ሞክረህ፣ ፈትሸህ፣ እንደገና ሞክረህ።

ከሪያድ፦ ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ መሣሪያ) ስለማመድ ኒውትራልና ግራውንድ መካከል ዜሮ ያሳየኛል። ሽቦው ግን አዲስ ነው።

ቦርዱ ላይ ኒውትራሉና ግራውንዱ የሚገናኙበትን ማያያዣ ሳትፈታ ለክተህ ይሆናል። የምትፈትሸውን መስመር ኒውትራል ቦርዱ ላይ ከሚታሰርበት ባር አውጥተህ ለየው። ኤልኢዲ መብራቶችንና ዲመሮችን ንቀል፣ 500 ቮልት ዲሲ ያቃጥላቸዋል። ማብሪያዎቹን ሁሉ አብራ፤ ጠፍተው ከሆነ ከማብሪያው ወዲያ ያለው ሽቦ አልተፈተሸም። ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማግኘት አለብህ። በቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የግራውንዱ ቀጣይነት ይለካል፣ ዋናው የግራውንድ ሽቦ ከ0.5 ኦም አይበልጥም፤ ከዚያ ሜገሩ፣ ከዚያ የፌዝና ኒውትራል ቦታ። መብራት ተሰጥቶ የሚፈተሹት፣ አርሲዲውን ጨምሮ፣ መጨረሻ ላይ ናቸው። ሜገር መብራት ባለበት መስመር ላይ አይገባም፤ ስለዚህ እዚህም ሞክር፣ ፈትሽ፣ እንደገና ሞክር።

ከድሬዳዋ፦ የለመድኩት ጥቁር ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል ነው። ችግር አለው?

አለው። አውስትራሊያ ውስጥ በግድግዳ በሚሄደው ሽቦ ጥቁር ኒውትራል ነው፤ ፌዙ ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊም ኒውትራል ነው፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ግን በሦስት ፌዝ ከቀይና ከነጭ ጋር ፌዝ ሆኖ ይገባል። እጅህ ለምዶ እንዳያሳስትህ በእነሱ ቀለም ደጋግመህ ሥራ። ሶኬታቸውም እንደኛው ክብ ቀዳዳ፣ በየትም በኩል የሚሰካ አይደለም። ከፊት ለፊት ስታየው ግራውንዱ ከታች፣ ፌዙ በግራ፣ ኒውትራሉ በቀኝ ነው። ካቀያየርክ ትወድቃለህ።

በጽሑፍ፦ የአውስትራሊያን የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ደንብ፣ ኤኤስ/ኤንዜድኤስ 3000ን፣ በቃሌ ላጥናው?

አታጥናው። ምክንያቱን ተረዳ፣ ዋና ዋና ቁጥሮችን ያዝ። ለምሳሌ የቮልቴጅ መቀነስ ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ በ230 ቮልት 11.5 ቮልት ነው። መልሱን በእንግሊዝኛ ድምፅህን አውጥተህ ተለማመድ፤ እጁ የሚያውቀውን አፉ መናገር አቅቶት የሚወድቅ ብዙ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ አንዲት እናት፦ እኔ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ስለ ምጣዱ ሲናገሩ ሰምቼ ነው። የእኔም አንዳንዴ ይነዝረኛል።

እማማ፣ አሁኑኑ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ዛሬ እንጀራ አይጋገርበት። ትንሽ ነው ብለው እንዳይተዉት፤ እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግርዎን ሲቆሙ ያው ትንሹ ይገድላል። የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያሳዩ። ሲመጣም «ግራውንዱ የት ድረስ ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁት።

በጽሑፍ፦ የትኛውን ቪዛ ላመልክት?

ይህ የእኔ ሙያ አይደለም። በአውስትራሊያ የተመዘገበ የኢሚግሬሽን ወኪል ጠይቅ፤ የምዝገባ ቁጥሩን መንግሥት በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ራስህ አይተህ ካረጋገጥክ በኋላ ክፈለው።