እማዬን በወንበር ሲያወርዷት

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። እማዬን ታውቋታላችሁ፣ የቡናዋን ወሬ ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃም ታውቁታላችሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። የጉልበቷ ነገር ደግሞ ከክረምቱ ወዲህ ብሶባታል።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ አለች። የብሎካችን ልጆች መጡ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧትና አራት ሆነው አነሷት። «እማማ፣ አይፍሩ፣ ይዘንዎታል» ይሏታል፣ እሷ ትመርቃቸዋለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ፣ ወንበሩ አልዞር አለ። ጠባብ ነው። ዘንበል ሲያደርጉት የደረጃውን ብረት ጭብጥ አደረገች። ምርቃቱም ቆመ። ከዚያ በሌላ እጇ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ታች እስክትደርስ አልገለጠችውም።

ፈርታ ነው? አፍራ ነው? እኔ ከዘራዋን ይዤ ከኋላ ነኝ፣ ፊቷን አላየሁም። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ «እግዜር ይማርዎት» ይላሉ። አልታመመችም እኮ! ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ነው።

ማታ ስለ ሮን ሜስ ሳነብ አመሸሁ። «ዩኒቨርሳል ዲዛይን» የሚለውን ስም ያወጣው አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። በ9 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት በዊልቸር ነበር የሚንቀሳቀሰው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አርክቴክቸር ሲማር ደረጃውን ሰው ተሸክሞ ነበር የሚያወጣው፣ የሚያወርደው። እሱንም! በኋላ ሲያስተምር ያለው ቀላል ነው፦ ቤቱን ከመጀመሪያው ለሁሉም ሥሩት። ለሕፃኑም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሽማግሌውም።

እንዲህ መሥራት ውድ ነው ሲባል ያናድደኛል። መጸዳጃ ቤት መደገፊያ ብረት ላስገጥምላት ባለሙያ አመጣሁ። ግድግዳውን አንኳኳና «ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) አይዝም፣ ሲደገፉበት ይነቀላል» አለኝ። ሲሠራ እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ኮንክሪት ቢሞሉበት አለቀ! በሩስ? 80 ሴንቲሜትር ክፍት ቢሆን ዊልቸር ያሳልፋል። ለካሁት፣ የእኛ 70 አይሞላም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዞ ነበር። ጥሩ። ግን እማዬ ዕጣው ሲደርሳት ደረጃውን በሩጫ ነበር የምትወጣው። እልል ስንል ማን ስለ ጉልበት አሰበ?

ግራውንድ እንከራይ አልኳት። «ቡናዬን ከማን ጋር ልጠጣ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ሰዎቿ እዚያው ፎቅ ላይ ናቸው። እነሱስ ቢሆኑ እያረጁ አይደል... ብቻ። ፋሲካ ደግሞ እየመጣ ነው። ቅዳሴው ሌሊት ነው፣ እንደማትቀር አውቃለሁ። መብራት ቢጠፋስ? የሰው ልጆችን በዚያ ሰዓት ቀስቅሱልኝ ይባላል? ወንድሜን ላናግረው ነው። ወይ መጀመሪያ እሷን... እስቲ እንግዲህ።