የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ክላውድና ከነዋሪው ጋር የሚሠራ የከተማ አገልግሎት

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በስልክና በጽሑፍ መልእክት የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ የከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶች የቧንቧ ብልሽት ማመልከቻን በስልክ ለመቀበል ሲነሱ የሚገጥማቸውን ስለሚመለከቱ፣ መልሶቹም በዚያው ዙሪያ ናቸው። ለቆሻሻ አሰባሰብም ሆነ ለመንገድ መብራት ሥራው ያው ነው።

ጥያቄ (በከተማ ውሃ አገልግሎት የሚሠሩ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን)፦ ነዋሪው ብልሽት የሚያመለክትበት ሥርዓት ልናሠራ ነው፤ «ከነዋሪው ጋር በጋራ ይሠራ» ተብለናል። ክላውድ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ሰርቨር ገዝተን ቢሮ ብናስቀምጥስ?

መልስ፦ ክላውድ ማለት የኮምፒውተር አቅም፣ ማከማቻና ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ከዳታ ማዕከል በሰዓት ወይም በወር መከራየት ነው። በጋራ ለመሥራት የሚያግዘው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሞክሮ መጣልን ርካሽ ያደርገዋል። ሰርቨር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያወጣል፣ ለጨረታው ዝርዝር መግለጫ ይጽፋል፤ ያ ዝርዝር የሚጻፈው ነዋሪው ምንም ሳያይ ነው። ዕቃው ገብቶ፣ ተተክሎ ነዋሪው ሲያየው ሁሉም ነገር ተወስኗል። በኪራይ ሲሆን ግን ለሙከራ ባለ 2 ኮር፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አንድ ትንሽ ማሽን ይበቃል። ሰኞ ይነሣል፣ ሐሙስ ለነዋሪዎች ይታያል፣ አልሆነም ከተባለ በሳምንቱ ሌላ ይተካል።

ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገር ማይሶሳይቲ የተባለው ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፊክስማይስትሪት ነዋሪዎች የተበላሸ መንገድና መብራት ለአካባቢ አስተዳደራቸው የሚያመለክቱበት ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ነዋሪዎች ሐሳብ እንዲያቀርቡና እንዲመርጡ ከፈለጉ ደግሞ የባርሴሎና ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋለችው ዴሲዲም አለ፤ እሱም ክፍት ነው።

ክላውድ የማይሠራውንም ይያዙ። ቢሮዎ መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማመልከቻው ክላውዱ ላይ በደህና ይቆያል እንጂ የሚያየው ሰው የለም። ለዚህ ተረኛው ሠራተኛ የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ ይኑረው። የቧንቧ ሠራተኛና መለዋወጫ ከሌለ ደግሞ ሥርዓቱ ቅሬታ ከማከማቸት አያልፍም። ለሕዝብ ከመክፈታችሁ በፊት በቀን ስንት ጥገና ማድረስ እንደምትችሉ ቁጥሩን አስቀምጡ።

ጥያቄ (የአዲስ አበባ ነዋሪ)፦ ስብሰባ ተጠርተን አስተያየት ሰጥተን ነበር። በኋላ የመጣው ግን እኛ ያልነው አይደለም። በጋራ መሥራት ሲባል በተግባር ምንድን ነው?

መልስ፦ ስብሰባ ላይ የሚናገረው መናገር የለመደ ሰው ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ያላየውን ነገር እንዴት እንደሚፈልገው መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ ሥራው ከቢሮው የቅሬታ መዝገብ ይጀመር። የመጨረሻዎቹን 100 ማመልከቻዎች ሰዉ ራሱ በተናገረው ቃል ገልብጣችሁ በዓይነት ለዩ። ቀጥሎ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ምረጡ፦ ከቦኖ ውሃ የምትቀዳ እናት፣ የግቢ ጥበቃ፣ ካፌ ያለው ሰው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት፣ ማየት የተሳነው ሰው፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ቅሬታ የምትቀበለው የመስኮት ሠራተኛ። ለእያንዳንዳቸው የሙከራውን ስልክ ሰጥታችሁ «ደጅዎ ላይ ቧንቧ ፈንድቷል፤ ያመልክቱ» በሏቸውና አትርዷቸው። እጃቸው የት ላይ እንደሚቆም ጻፉ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በእነዚህ ጥቂት ሰዎች ብቻ ትልልቆቹ ጥፋቶች ይታያሉ። ታርሞ በሳምንቱ ይደገም። የትራንስፖርትና የጊዜ ካሳቸውም በበጀት ይያዝ፤ በነጻ ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ብቻ ከመጣ የምትሰሙት የአንድ ወገን ድምፅ ነው።

በየጊዜው የምናየውን አንድ ጥፋት እንጥቀስ። መሐንዲሶች የሚጽፉት ቅጽ «የብልሽት ዓይነት» ብሎ «ዋና መስመር፣ የማከፋፈያ መስመር፣ የደንበኛ መስመር» የሚል ምርጫ ያስቀምጣል። ነዋሪው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የመጀመሪያውን ይነካና ያልፋል፤ ውሂቡ በሙሉ «ዋና መስመር» ይሆናል። «ውሃው የሚፈሰው የት ነው?» ተብሎ «አስፋልት ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ቆጣሪው ጋ» ቢባል ግን መልሱ ትክክል ይመጣል፤ የመስመሩን ዓይነት ከዚያ ተነሥቶ የሚለየው ባለሙያው ነው።

ነዋሪው ያቀረበው ሐሳብ ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝገብ፦ ሐሳቡ፣ ተቀባይነት አገኘ ወይስ አላገኘም፣ ለምን። ሰንጠረዡ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። እርስዎ ያሉት ቅሬታ የሚመጣው «አይሆንም» ስለተባለ ሳይሆን ምክንያቱ ስላልተነገረ ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር አቅራቢያ)፦ እናቴ የያዘችው ተራ ስልክ ነው፤ አፕ አይጭንም። እሷ እንዴት ታመለክታለች?

መልስ፦ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በአጭር ቁጥር ምናሌ ወይም በድምፅ። ሦስቱም የራሳቸው ገደብ አላቸው።

አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፤ ክፍያውም በክፍል ነው። አንዲት የግዕዝ ፊደል በላቲን መልእክት መካከል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም የትሕትና መግቢያ የመሥሪያ ቤቱን ወጪ እጥፍ ያደርጋል። ይህን ይመልከቱ፦ «ቁ. 4817 ደርሶናል። ሠራተኛ ነገ ጠዋት ይመጣል። ካልመጣ 1 ብለው ይመልሱ።» ከነጥቡና ከክፍተቱ ጋር 49 ቁምፊ ነው፤ በአንድ መልእክት ይሄዳል፤ ነዋሪዋም የምትመልሰው ነገር አላት።

በኮከብና በመሰላል የሚከፈተው የዩኤስኤስዲ ምናሌ ደግሞ በአንድ ገጽ 160 ባይት ብቻ ነው፤ ለግዕዝ 80 ቁምፊ ገደማ ማለት ነው። ሰው እያሰበ ከቆየ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ አንዳንድ የቆዩ ስልኮችም በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ያሳያሉ። ምናሌው ከሦስት ደረጃ እንዳይዘልቅ አድርጉ። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ከሁሉ የሚሻለው የስልክ መስመር ነው፤ ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ ነዋሪው አፕ ላይ የሚሞላውን ያንኑ ቅጽ ትሙላ። ለጥሪ ማዕከሉ የተለየ መዝገብ ከተከፈተ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች ይኖራችኋል።

ከየትም ይምጣ፣ ማመልከቻው መጀመሪያ ክላውዱ ላይ ወዳለ የመልእክት ወረፋ ይግባ፤ ዳታቤዙ ከወረፋው ይቀበል። ዳታቤዙ ለአንድ ሰዓት ቢቆም ማመልከቻው ወረፋው ላይ ይጠብቃል፤ አይጠፋም። አጭር ቁጥር ለማግኘት ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ጋር ውል ያስፈልጋል፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ኮድ ከመጻፉ በፊት ይጀመር።

ጥያቄ (የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)፦ ከውጭ የተዘጋጀ ክፍት ኮድ ወስደን ወደ አማርኛ ስንመልስ የት ላይ ይሰናከላል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀን ላይ። አብዛኛው ቅጽ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን ላይ የሚያመለክት ሰው «የተሳሳተ ቀን» ይባላል። ዳታቤዙ ውስጥ ጊዜው በዓለም አቀፉ መለኪያ ይቀመጥ፤ የኢትዮጵያ ቀን ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ይቀየር። ማስሊያውን ራሳችሁ አትጻፉ፤ አይሲዩ (ICU) የተባለው ዝግጁ የኮድ ስብስብና የጃቫስክሪፕት የቀን አቀራረብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ። ለፍተሻ ይህን ተጠቀሙ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12። ሥርዓታችሁ ሁለቱን ካለፈ ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ሰዓት። የክላውድ ማሽኖች ሰዓት እኛ ካለንበት በ3 ሰዓት ወደኋላ ባለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ነው። ነዋሪው «ማታ 2 ሰዓት» ሲል በ24 ሰዓት አቆጣጠር እዚህ 20፡00 ሲሆን ማሽኑ ላይ 17፡00 ይሆናል። ቅጹ «2 ሰዓት» ብቻ ከተቀበለ ሠራተኛው ለጠዋት ይመደብና ቤቱ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚለው ምርጫ ግዴታ ይሁን።

ፍለጋም ይበላሻል። አንዱ «ሠፈር»፣ ሌላው «ሰፈር» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ነዋሪው የጻፈውን እንዳለ አቆዩት፤ ከጎኑ ግን ሌላ ዓምድ ከፍታችሁ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው መልሱ፤ ፍለጋው በዚያ ዓምድ ይሁን። የስም ቅጹም «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ይሁን፤ የአያት ስም ግዴታ አይሁን።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ፎቶ ለመላክ ስንሞክር ኔትዎርኩ አይችልም፣ ካርዱም ያልቃል።

መልስ፦ የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይሆናል። አፑ ከመላኩ በፊት ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ቢያሳንሰው 300 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፤ የፈነዳ ቧንቧ ለማየት ይበቃል። ኔትዎርክ ከሌለ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ ይላክ፤ የማመልከቻው መለያ ቁጥር ስልኩ ላይ ይፈጠር፣ ያለበለዚያ ደጋግሞ ሲሞክር አንዱ ማመልከቻ አራት ይሆናል። ፎቶው ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ውስጡ የተደበቀው የቦታ መረጃ ይጥፋ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እናመለክታለን፣ «ተስተካክሏል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ውሃው ግን እየፈሰሰ ነው።

መልስ፦ ይህ ከሁሉም በላይ እምነት የሚያሳጣው ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ሠራተኛው የሚመዘነው በዘጋው ማመልከቻ ብዛት ከሆነ መዝጋቱን ይማራል። ሁኔታዎቹ አራት ይሁኑ፦ ደረሰ፣ ተመደበ፣ ተጠገነ፣ ነዋሪው አረጋገጠ። «ተጠገነ» የሚለውን ሠራተኛው ይሙላ፤ የመጨረሻውን ግን ነዋሪው ብቻ። «አልተጠገነም» ካለ ማመልከቻው በዚያው ቁጥር ይከፈት፤ አዲስ ቁጥር ከተሰጠው የመዘግየቱ ታሪክ ይጠፋል። በ3 ቀን ውስጥ ምንም ካልመለሰ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ለብቻው ይቆጠር።

የተደጋገመ ማመልከቻም ጥበብ ይጠይቃል። ሰው አዲስ ሲያመለክት በ50 ሜትር ዙሪያ፣ ባለፉት ሁለት ቀናት የመጣ ካለ «ይህ ነው ወይ?» ተብሎ ይታየው፤ «እኔም» ብሎ ይጨመርበት፤ መልሱም ለሁሉም ይድረስ። ሥርዓቱ በራሱ አንድ ላይ እንዳያደርጋቸው ግን፤ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቧንቧ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ መረጃችን ውጭ አገር ይሄዳል?

መልስ፦ በመረጣችሁት ማዕከል ይወሰናል። አፍሪካ ውስጥ ማይክሮሶፍት ከ2019፣ አማዞን ከ2020፣ ጉግል ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕከል አላቸው፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ማዕከላት አሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከአገር የሚወጣ የግል መረጃም ሁኔታዎች አሉት። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ክፍላችሁ ይየው። ከሁሉ የሚቀለው መከላከያ ግን አለመሰብሰብ ነው። ቧንቧ መፈንዳቱን ለመናገር የፋይዳ ቁጥር አያስፈልግም፤ ስልክ ቁጥር ይበቃል፣ እሱም ማመልከቻው ከተዘጋ በ90 ቀን ይሰረዝ። ለሕዝብ በሚታየው ካርታ ላይ የቤቱ ነጥብ ሳይሆን መንገዱ ይታይ። የሙከራው ማሽን ላይ የእውነተኛ ሰው ስም አይግባ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሂሳቡ ከጠበቅነው በላይ መጣ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮው በጀት አይሠራም፤ በጀቱን በሁለቱም ገንዘብ ያዙ። ሂሳቡን የሚያንረው በአብዛኛው የተረሳ የሙከራ ማሽን፣ ያለ ገደብ የሚከማች የሥርዓት መዝገብ (ሎግ) እና ከክላውዱ ወደ ውጭ የሚወጣ ውሂብ ነው። የሙከራ ማሽን በሥራ ቀን 10 ሰዓት ብቻ ቢሠራ በሳምንት ከ168 ሰዓት 50ው ነው፤ ኪራዩ ከሲሶ በታች ይወርዳል። ማከማቻው ግን ማሽኑ ቢጠፋም ይከፈልበታል። በበጀቱ 50፣ 80 እና 100 በመቶ ላይ ማስጠንቀቂያ ይደረግ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ይናገራል እንጂ አያቆምም፤ ማን እንደሚያቆም በስም ይወሰን።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦ እዚህ ያለን የኮምፒውተር ባለሙያዎች በነጻ መርዳት እንፈልጋለን።

መልስ፦ በደስታ። ኮዱ ክፍት ከሆነ ስህተት ማረም፣ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ጽሑፉን ማስተካከል፣ ማየት ለተሳናቸው ስክሪን በሚያነብ ሶፍትዌር መፈተሽ፣ ሁሉም ከሩቅ ይሠራል፤ ለሙከራ በተፈጠረ ውሂብ ብቻ። ወደ እውነተኛው ዳታቤዝ መግቢያ አትጠይቁ፣ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። የክላውዱን አካውንት በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ ካርድ አትክፈቱ። ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ወር ወይም እናንተ ሥራ የቀየራችሁ ቀን ግን አገልግሎቱ ይቆማል፤ ቢሮው የራሱን ውሂብ ማግኘት አይችልም። አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ስምና በሥራ መደብ ኢሜይል ይከፈት፣ ሁለት ሠራተኞች በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይያዙት፣ የመልሶ ማግኛ ኮዱ ታትሞ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ የዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ በሳምንት አንዴ ወደ ሌላ አካውንት ይገልበጥ፤ በሦስት ወር አንዴም ባዶ ማሽን ላይ ተመልሶ መነሣቱ ይፈተሽ።